የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፒያሳ ትንሽ የሞባይል ጥገና ቤት አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጃቸውን የእጅ ባትሪ ይዘው መጡ። የሚሞላው የሊቲየም አዮን ድንጋዩ ላስቲክ ቀልጦ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። ሌሊቱን አልጋ ሥር ተሰክቶ ነው ያደረው። እግዜር ነው ያተረፋቸው!

ቻርጀሩን በቴስተር ስለካው 4.6 ቮልት ወጣ። የተለመደው ሊቲየም አዮን ለአንድ ድንጋይ ከ4.2 ማለፍ የለበትም። ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም።

እባካችሁ፣ ከዋጋው በፊት ጀርባውን አንብቡ። የሊቲየም አዮን መሆኑና ቮልቱ ይጻፍበት። ሲሞላ ራሱ ማቆም አለበት። አረንጓዴ መብራት ብቻውን አያስተማምንም፤ አንዳንዱ መብራቱን ቀይሮም መሙላቱን ይቀጥላል። አልጋና ፍራሽ አጠገብ አትሰኩ። ሻጮችም ምንም ያልተጻፈበትን አታምጡብን።

የሞባይል ጠጋኙ፣ ከፒያሳ