በቫን የሚያድር ሰው የሚታወቀው በቫኑ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ከቤተሰባቸው ርቀው ሲያትል ውስጥ ቫን ላይ እያደሩ ስለሚሠሩ የኡበርና የታክሲ ሹፌሮች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። ሰዎቹን ሳታሳንሱ መጻፋችሁ ያስመሰግናችኋል። ነገር ግን ከተሰጡት ምክሮች ሁለቱ ሳይታረሙ መቅረት የለባቸውም። አንዱ ሳይታወቁ ለማደር መስኮት የሌለው ትልቅ የዕቃ ቫን ግዙ የሚለው ሲሆን፣ ሌላው ለብርዱ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ለቅጣት ይዳርጋል፤ ሁለተኛው ይገድላል።

በሲያትል ደንብ ስፋቱ ከ80 ኢንች የሚበልጥ መኪና ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር እስከ 6፣ ከኢንዱስትሪ ሰፈሮች ውጭ መንገድ ላይ መቆም አይችልም። ፎርድ ትራንዚትና ራም ፕሮማስተር ስፖኪዮው ሳይቆጠር እንኳ ይህን ልክ ያልፋሉ። ቶዮታ ሲየና ወደ 78 ኢንች ብቻ ስለሆነ ከደንቡ በታች ይቆያል፤ ደግሞም ግማሹ ሰፈር የሚነዳው መኪና ነው። ነጭ የዕቃ ቫን መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ሲያድር ጎረቤትን ያሳስባል፣ ውስጡ የሥራ መሣሪያ አለ ብሎ የሚያስብ ሌባንም ይጠራል። ቫን የሚገዛ ሰው ሌላም ነገር ይወቅ፦ እስከ 2020 ድረስ የወጡት ሲየናዎች የመካከሉ ወንበር ተነቅሎ ይወጣል፣ ከ2021 ወዲህ ያሉት ግን አይነቀልም። ተሳፋሪ የሚጭን ሹፌር ወንበሩን ስለሚፈልገው ለእሱ ብዙ ለውጥ የለውም። የኋላውን ወንበር ወለል ውስጥ አጥፎ የመካከሉን ወደፊት ይገፋና የሚተጣጠፍ ስፖንጅ ያነጥፋል፤ ቁመቱ ረዘም ያለ ሰው በሰያፍ ይተኛል።

ዋናው ነገር መኪናውን መደበቅ አይደለም። የሚተኙበት ቦታ ላይ ከመተኛት በቀር ምንም አለማድረግ ነው። እራት፣ ስልክ ማውራት፣ ጥርስ መፋቅ፣ ልብስ መቀየር፣ ሽንት ቤት መሄድ ሁሉ ሌላ ቦታ ይለቅ፤ 24 ሰዓት የሚከፈት ጂም ወይም ሱፐርማርኬት ለዚህ ይበቃል። መጋረጃና አልጋውም እዚያው ይዘጋጃሉ። ከዚያ ወደ ማደሪያው ተነድቶ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጸጥ ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አለመድረስ፣ ሰው ውሻውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት መነሳት ይገባል። አንድን መኪና ለተመልካች እንግዳ የሚያደርገው ማንም ሳይወርድበት ለረጅም ሰዓት መቆሙ ነው።

ድምፅና ብርሃን ብዙዎችን ያጋልጣሉ። በሪሞት ሲቆለፍ ፍሬቻው ብልጭ ይላል፣ ክላክሱም ጢጥ ሊል ይችላል። በሪሞት ቆልፈው ውስጥ የተኙ ሰዎች ደግሞ ጠዋት በሩን ከውስጥ ሲከፍቱ አላርሙ ሰፈሩን ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ በሩ ላይ ባለው ቁልፍ ከውስጥ መቆለፍ ነው። የጣራው መብራት በር ሲከፈት እንዳይበራ ማጥፊያውን መጫን፣ የፊት መብራቱን ከአውቶ ወደ ማጥፊያ መመለስ አይረሳ። በኤሌክትሪክ የሚንሸራተተው በር እየጮኸ ስለሚከፈት ማታ ባይነካ ይመረጣል፤ ከጋቢና ወደ ኋላ መሻገርን ቀን ላይ መለማመድ ይሻላል።

ለመስኮቶቹ የካርቶን ልክ አውጥቶ፣ ሪፍሌክቲክስ የሚባለውን ብርማ መከላከያ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር አትርፎ መቁረጥ። አትርፎ የተቆረጠው ያለ ፕላስተር ራሱ ተጣብቆ ይቆማል። ወደ ውጭ በሚያየው ገጽ ላይ ጥቁር ጨርቅ በሚረጭ ማጣበቂያ ይለጠፍ፤ ብርማው ወደ ውጭ ከሆነ የመንገድ መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ ያብለጨልጫል። የሲየና የኋላ መስታወት ከፋብሪካው ጠቆር ብሎ ስለሚመጣ ጥቁሩ ጨርቅ ከጀርባው አይለይም። የፊት መስታወት ግን አይሸፈን። ባዶ ጋቢና የሚያሳይ መኪናን ማንም ሁለቴ አያየውም፤ ስለዚህ ከፊት ወንበሮቹ ኋላ ጥቁር መጋረጃ በሽቦ መስቀል ይበቃል። ሲጨርሱ አንድ ሰው ውስጥ መብራት ያብራና ሌላው በጨለማ ዞሮ ይይ፤ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው ከታችኛው ማዕዘን ነው።

ሁሉም የሚዘነጋው እንፋሎት ነው። የተኛ ሰው እስኪነጋ ድረስ ወደ አንድ ብርጭቆ የሚጠጋ ውኃ በትንፋሹ ያወጣል፤ ያ ሁሉ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ያርፋል። የሌሎቹ መኪናዎች ጤዛ በውጭ ነው፣ የእናንተ ከውስጥ ይንጠባጠባል፤ የሚያውቅ ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል። ለዚህ ሁለት መስኮት፣ አንዱን ከፊት አንዱን በተቃራኒው ጎን ከኋላ፣ የጣት ውፍረት ያህል መክፈት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ከተከፈተ አየር አይዘዋወርም። በሲያትል ዝናብ ይህ የሚቻለው በሮቹ ላይ የዝናብ መከላከያ ፕላስቲክ ሲገጠም ነው፤ መከላከያው ክፍተቱንም ከዓይን ይሸፍናል። የሲየና የመካከል መስኮት ስለሚወርድ ለዚህ ይመቻል። እርጥብ ፎጣና ካፖርት ውስጥ ሰቅሎ መተኛት ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ጋቢ ይሞቃል፣ ነገር ግን ጥጥ ነውና እርጥበቱን ይጠጣል፤ በየቀኑ ካልተሰጣ በሳምንቱ ይሸታል።

አሁን ወደ ምድጃው። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ ይለቃል፤ ስለዚህ የጋዝ ማሞቂያ መስታወቱን ከማድረቅ ይልቅ ያረጥበዋል። ከዚያ የሚብሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፦ ሽታ የለውም፣ ከእንቅልፍም አይቀሰቅስም። ከሰልማ ለማን ይነገራል፣ አገር ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማው ነው። ሃይብሪድ ሲየናን አስነስቶ መተኛትም በአንዳንዶች ዘንድ ተለምዷል። ሞተሩ በየጊዜው ራሱን እያስነሳ ሲያጠፋ ጎረቤት ይሰማል፤ በረዶ ጭስ ማውጫውን ከደፈነው ደግሞ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። አልኮል የቀመሰ ሰው ከሆነማ፣ በዋሽንግተን ሕግ መኪናው ባይንቀሳቀስም በቁጥጥሩ ሥር በመሆኑ ብቻ ሊከሰስ ይችላል።

የሚሠራው ይህ ነው። ብርዱ የሚመጣው ከሥር ስለሆነ ከስፖንጁ ሥር ሌላ መከላከያ መደረብ፣ ከዜሮ በታች የሚያገለግል የመኝታ ከረጢት፣ የሱፍ ኮፍያ። የ12 ቮልት የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚፈልግ ከመኪናው ባትሪ አይሳብ። ብርድ ልብሱ 4 አምፔር ቢወስድ በ8 ሰዓት 32 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ጠዋት ላይነሳ ይችላል፣ ጀምፐር ኬብል ይዞ ሰው ሲለምኑ ደግሞ መደበቅ የሚባል ነገር አይኖርም። 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ ለብቻው የሆነ ባትሪ ገዝቶ ቀን ሲነዱ መሙላት ነው። ያም ሆነ ይህ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ትራስ አጠገብ ይኑር።

ስለ ምግብ ጽሑፋችሁ ምንም አላለም፣ የእኛ ሰው ግን ከማንም በላይ የሚመቸው እዚህ ላይ ነው። በሶ ውኃና ማር ብቻ ይበቃዋል፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮም እሳት አይፈልጉም። ወጥ ማሞቅና ቡና መቁላት ግን አይታሰቡ። የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ ወንበሩ ውስጥ ገብቶ በማግስቱ ከተሳፋሪ ዝቅተኛ ኮከብ ያስሰጣል።

ቦታ ሲመረጥ የአንድ ቤተሰብ ቤት ፊት ለፊት፣ መውጫ የሌለው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ፓርክ ይቅሩ። አፓርታማ የበዛበት፣ የነዋሪ ፈቃድ የማይጠየቅበት መንገድ፣ ወይም መስኮት የሌለው ግድግዳ ጎን ይሻላል። ከእሳት አደጋ ውኃ መክፈቻ 15 ጫማ፣ ከእግረኛ ማቋረጫ 20፣ ከስቶፕ ምልክት 30፣ ከግቢ መግቢያ 5 ጫማ መራቅ ግዴታ ነው። ቦሎው ያለፈበት ወይም የፊት ታርጋ የሌለው መኪና የፈለገውን ያህል ቢደበቅ ከንቱ ነው። ስፖኪዮ ላይ የተንጠለጠለ ባንዲራና ከኋላ የተለጠፈ ትልቅ ጽሑፍም እንዲሁ፤ ሰው ሲየናን አያስታውስም፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያለበትን ሲየና ግን አይረሳም።

በከተማው ደንብ አንድ ቦታ ላይ መቆም የሚቻለው እስከ 72 ሰዓት ነው፤ ቁጥጥሩም በአብዛኛው የሚጀምረው ጎረቤት በስልክ መተግበሪያ ሲያመለክት ነው። ስለዚህ ሁለት ሌሊት በተከታታይ አንድ መንገድ ላይ አለማደር። ከዚህ ጋር የሚያያዝና ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 በስቲቨን ሎንግና በሲያትል ከተማ ጉዳይ ሲወስን፣ ሰው የሚኖርበት መኪና እንደ መኖሪያ ቤት የሕግ ከለላ እንደሚያገኝ አረጋግጧል። መኪናው ሊጎተት ከተቃረበ፣ ዋና መኖሪያው ያ ቫን የሆነ ሰው ያን ጊዜ ዝም ማለት የለበትም፤ እኖርበታለሁ ብሎ በግልጽ ይናገር፣ ማስረጃም ይያዝ። ስፖኬን ወይም ያኪማ ቤት ኖሮት ለሥራ ብቻ የሚያድር ሹፌር ግን በዚህ ውሳኔ አይተማመን።

በመጨረሻም አዘጋጆቹ ቢከታተሉት የምንለው ጉዳይ አለ። በ2020 የተሻሻለው የግዛቱ ሕግ የሃይማኖት ተቋማት በመኪና ማቆሚያቸው ሰው እንዲያሳድሩ ይፈቅዳል፤ ከተሞችም ከየ10 ቦታ ከ1 በታች ብለው ሊገድቧቸው አይችሉም። ተቋሙ ሽንት ቤት ማቅረብ አለበት። በሲያትል አቅራቢያ ባለችው ከርክላንድ ከተማ የሚገኘው ሌክ ዋሽንግተን ዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ለሴቶችና ለቤተሰቦች ይህን ሲያደርግ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለ 60 መኪና ማቆሚያ ያላቸው የእኛ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች 6 ቦታ ቢለቁ 6 ሹፌር ሳይሳቀቅ ይተኛል። ኮሚቴዎቹን ጠይቃችሁ መልሳቸውን ብታትሙ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝና ሽንት ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጭምር፣ ለአንባቢ ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ፣ ከሲያትል