ለአባዬ፣ ስለ አንድ የሌሊት ዘበኛ

አባዬ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን እህቴ ታንብብልህ፤ አንተ ዓይንህን አታድክም።

የልጅ ልጅህ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ሰሞኑን ስለ ዋተርጌት፣ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ስላወረደው ቅሌት፣ የቤት ሥራ ተሰጥቷት ስታነብልኝ አመሸች። ቅሌቱ ስሙን ያገኘበትን ሕንፃ በታክሲዬ በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ እዚህ ዋሽንግተን፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ነገሩን ያስጀመረው ዘበኛ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ፍራንክ ዊልስ ይባላል። ሰኔ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ሌሊት ሲዞር የበር ቁልፍ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አየ። ሠራተኞች የተዉት መስሎት ላጠው። ተመልሶ ሲያይ እንደገና ተለጥፏል። ፖሊስ ጠራ። አምስት ሰዎች የኒክሰን ተቃዋሚ በሆነው በዴሞክራቶች ፓርቲ ቢሮ ውስጥ ተያዙ። ክሩ ሲመዘዝ ነጩ ቤተ መንግሥት ገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ፈርዶ ኒክሰን በቢሮው ሲነጋገር የተቀዳባቸውን ካሴቶች አስረከበ። የፌዴራል ፖሊሱን የኤፍ ቢ አይን ምርመራ ለማስቆም ሲመክር በራሱ ድምፅ ተሰማ። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ሥልጣኑን ለቀቀ። ያን ክረምት አንተ ታስታውሰዋለህ፤ ጃንሆይ የወረዱት በወሩ ነው።

ጳጉሜን 3 እሱን የተካው ፕሬዚዳንት ፎርድ ምሕረት አደረገለት። ኒክሰን አንድ ቀን አልታሰረም። ዘበኛው ግን ሥራ አጥቶ ተንከራተተ፤ በ52 ዓመቱ ድሃ እንደሆነ ሞተ። ያን ሌሊት 24 ዓመቱ ነበር። እኩያህ ነው አባዬ።

ልጄ «ለምን ዝም አላለም?» አለችኝ።

እኔም አንተን ይህንኑ ጠይቄሃለሁ። የምትጠብቀው መጋዘን ዕቃ በሌሊት ሲጫን አይተህ የተናገርክ ጊዜ። ሌቦቹ ቀሩ፣ አንተ ተባረርክ። ባትሪህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ «አየሁ፣ ተናገርኩ» አልክ። «እኛስ?» አልኩህ። አልመለስክልኝም። በሳምንቱ ትምህርቴን ትቼ ታክሲ ላይ ረዳት ሆንኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ያኔ አንድ ቃል ብትለኝ ኖሮ።

ለልጄ ግን «ዝም ማለት ነበረበት» ማለት አቃተኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ብሩ ደረሰህ? ለዓይንህ ሞራ ነው፣ ለጣሪያው እንዳታውለው። ቀጠሮውን ሦስት ጊዜ አራዝመሃል። እህቴ ትውሰድህ፣ እንቢ አትበላት።

እሑድ ስንደውል ልጄ ስለ መጋዘኑ ትጠይቅሃለች። ከበሩ ጀምረህ ንገራት። እኔም አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ።

ልጅህ