«ዓይን በዓይን» የጥንቱ ሕግ ሁሉ አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጥንታዊ ሕጎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና ሳነብ፣ የጥንቱ የባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ «ዓይን በዓይን» በሚለው ቃል ብቻ ተጠቃሎ መቅረቡ አሳዝኖኛል። ያ ድንጋጌ የሚሠራው ተጎጂው ከፍ ካለው የነጻ ሰዎች መደብ ሲሆን ብቻ ነበር፤ ዝቅ ያለውን ነጻ ሰው ዓይን ያጠፋ አንድ ምናን (ግማሽ ኪሎ ገደማ) የብር ማዕድን፣ የባሪያን ዓይን ያጠፋ ደግሞ የባሪያውን ዋጋ እኩሌታ ይከፍል ነበር። ይህ መበላለጥ ያማል፤ ነገር ግን በቀል ብቸኛው ፍርድ እንዳልነበረም ያስረዳል። እንዲያውም ከሐሙራቢ 300 ዓመት ገደማ የሚቀድመው የኡር ከተማ ንጉሥ የኡርናሙ ሕግ ዓይን ላጠፋ ሰው የወሰነው ግማሽ ምናን ብር ሲሆን፣ ኤሽኑና በተባለችው የሜሶጶጣሚያ ከተማ ሕግ ደግሞ ሰውን በጥፊ የመታ 10 ሰቅል ብር (የምናን አንድ ስድስተኛ) ይቀጣ ነበር።

ስለ መስኖና ስለ ከብት የተጻፈውም ሊዘነጋ አይገባም። የመስኖ ግድቡን ማጠናከር ቸል ብሎ ውሃው የሌሎችን እርሻ ያጠፋበት ሰው እህሉን ይተካል፤ መተካት ካልቻለ እርሱና ንብረቱ ተሽጠው ተጎጂዎቹ ብሩን ይካፈላሉ። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ወግቶ የገደለ በሬ ጌታውን አያስጠይቅም፤ ተዋጊነቱ አስቀድሞ ተነግሮት ቀንዱን ያልሸፈነ ወይም ያላሰረው ባለቤት ግን ይከፍላል። ቸልተኝነትን ከድንገተኛ አደጋ እንዲህ ለይቶ ያየ ሕግ «ጨካኝ» ተብሎ ብቻ መታለፉ ተገቢ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ የጎደለው የችሎቱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በሱሳ (በዛሬዋ ኢራን) ተቆፍሮ የወጣውና ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው የሐሙራቢ ሕግ የተቀረጸበት ድንጋይ 282 ያህል ድንጋጌዎችን ቢይዝም፣ በዘመኑ ፍርድ በተጻፈባቸው የሸክላ ጽላቶች ላይ ዳኞች ድንጋጌ ሲጠቅሱ አይታዩም ለማለት ይቻላል። ምስክር ይሰማሉ፣ የውል ጽላት ይመረምራሉ፣ ማስረጃ ሲጠፋ በአምላክ ፊት ያስምላሉ። ሐሙራቢ ራሱ በላርሳ ከተማ ለነበረው ሹሙ ለሻማሽ-ሐዚር ስለ እርሻ ክርክር ሲጽፍ የሚያዘው ይዞታው እንዲጣራና መሬቱ ለባለቤቱ እንዲመለስ ነው።

ከእርሱ በፊትም በኒፑር ከተማ ሦስት ሰዎች አንድ ሰው ገድለው ለሟቹ ሚስት ነግረዋት ዝም ባለች ጊዜ፣ የኢሲን ንጉሥ ኡር-ኒኑርታ ጉዳዩን ለከተማው ጉባኤ መርቶታል። ወፍ አጥማጅ፣ ሸክላ ሠሪና አትክልተኛ የተገኙበት ወገን አራቱም ይሙቱ ሲል፣ አንድ ወታደርና ሌላ አትክልተኛ ተነሥተው ሴትዮዋ ለሞት የሚያበቃ ምን እንዳደረገች በመጠየቅ ተከራክረውላታል። ጽሑፉ የሚቀጥል ከሆነ፣ በሚመጣው እትም የእነዚህ ሰዎች ክርክር እንዲካተት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ