የሚሊፎኒ ክሬም ሲታዘዝ ይቀባ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጅማ ከተማ ነዋሪ ስሆን ለብዙ ዓመታት በኬክ ጋጋሪነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው እሑድ ከልጅ ልጄ ጋር ኬክ ቤት ገብተን ያዘዝነው ሚሊፎኒ ነው። ሹካ ሲያርፍበት ተሰነጣጥቆ መርገፍ የነበረበት ሊጥ እንደ ራሰ እንጀራ ተልመጠመጠ። አስተናጋጇን ብጠይቃት ክሬሙ የተቀባው ትናንት ማታ መሆኑን በትሕትና ነገረችኝ።

ሚሊፎኒ የፈረንሳዮች ኬክ ነው፤ ስሙም «ሺህ ቅጠል» ማለት ሲሆን እኛ የምንጠራበት አጠራር ግን ለጣሊያንኛው ይቀርባል። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። ቅቤው በሊጥ ተሸፍኖ ይዳመጥና ሦስት ላይ ይታጠፋል፤ በየመሐሉ በቀዝቃዛ ቦታ እያረፈ ይህ 6 ጊዜ ሲደጋገም 729 የቅቤ ንብርብር ይወጣዋል፤ ምድጃ ሲገባም ከቅቤውና ከሊጡ የሚነሣው እንፋሎት እያንዳንዱን ስስ ንብርብር ወደ ላይ ይገፋዋል። የጋጋሪው የግማሽ ቀን ድካም በአንድ ሌሊት ከንቱ ሲቀር ማየት፣ ሥራውን ለማውቀው ለእኔ እጅግ ያሳዝነኛል።

ከወተት፣ ከእንቁላል አስኳል፣ ከስኳርና ከስታርች የተሠራ ክሬም ደረቅ ሊጥ ላይ ሲያድር እርጥበቱ ወደ ሊጡ ይሰርጋል፤ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም ይህን አያስቀርም። በጅማ ክረምት እንኳንስ ክሬም የተቀባው፣ ባዶውም ሊጥ ካልተከደነ ከአየሩ እርጥበት ይስባል።

ስለዚህ የኬክ ቤት ባለቤቶችን የምለምነው፣ የተጋገረውን ሊጥ አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ክሬሙን በፍሪጅ ለየብቻ አስቀምጠው፣ ደንበኛ ሲያዝ ሦስቱን ሊጥ በሁለት ረድፍ ክሬም እንዲያነባብሩ ነው። ደንበኛው መጠበቁን አይወድም የሚል ስጋት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ነገር ግን አቦሉን ጠጥቶ በረካው እስኪደርስ የሚቀመጥ የጅማ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይቸኩላል ብዬ አላምንም።

ይህ አሠራር ለጤናም ይበጃል፤ የወተትና የእንቁላል ክሬም ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባውም፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ መስታወት ውስጥ የተደረደረው ኬክ ሁሉ ለአደጋ ይጋለጣል። በአትክልት ቅባት የሚሠራውን ክሬም አልቃወምም፤ ለጾመኛ ያስፈልጋል። የትኛው እንደቀረበለት ግን ለገዢው ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ኬክ ጋጋሪ፣ ከጅማ