ማሳወቅ ማለት ማስፈቀድ አይደለም (ደብዳቤ ለአዘጋጁ፣ ከሲያትል)

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ሆነን ወሬው ወደ ትልልቅ ኩባንያዎች መጠቃለል ዞረና አንዱ ወንድማችን "ከአሁን በኋላ እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንዱ ኩባንያ ሌላውን ለመግዛት የስቴቱን ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ሕግ ወጥቷል" አለ፣ አንዷ እህታችን ደግሞ "እሱ ለአማዞንና ለማይክሮሶፍት ነው እንጂ እኛን ምን አገባን" አለች። ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ላስረዳ ብዬ ጀመርኩና ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ወሬው ተቀየረ፣ ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣ ስላለ ነው የምጽፍላችሁ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)።

ሕጉን የስቴቱ አስተዳዳሪ (ጋቨርነር) ቦብ ፈርግሰን ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ፈረሙበት፣ ጁላይ 27 ሥራ ላይ ዋለ። እንደዚህ አይነት ለሁሉም የንግድ ዘርፍ የሚሆን የቅድመ ውህደት ማሳወቂያ ሕግ በማውጣት የኛ ስቴት ከሁሉም የመጀመሪያው ነው፣ ኮሎራዶ ወዲያው ተከተለ፣ እዛ ከኦገስት 6 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል፣ ስለዚህ ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ወገኖች ይሄ የናንተም ጉዳይ ነው።

ድሮ እንዴት ነበር መሰላችሁ። ከ1976 ጀምሮ የፌደራል ሕግ አለ፣ ሽያጩ ከተወሰነ ዶላር በላይ ከሆነ ገዢና ሻጭ ለፌደራል ንግድ ኮሚሽንና ለፍትህ መሥሪያ ቤት ፎርም ሞልተው ያስገባሉ፣ ከዛ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይጠብቃሉ፣ መንግሥት በዛ ውስጥ ወይ ዝም ይላል ወይ ተጨማሪ ሰነድ ይጠይቃል። ግን ያ ፋይል ምስጢር ነው። በ1985 ሁለት የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ኮሚሽኑ ፋይሉን ለስቴቶች አሳልፎ መስጠት አይችልም ብለው ወሰኑ። ስለዚህ የኛ አተርኒ ጀነራል (የስቴቱ ዋና ዓቃቤ ሕግ) ሰፈራችን ውስጥ ያሉ ሱቆች ሊሸጡ መሆኑን እንደማንኛችንም ከዜና ነበር የሚሰማው፣ ሰነዱን ለማየት ወይ ኩባንያዎቹ ራሳቸው እሺ ማለት ነበረባቸው ወይ በመጥሪያ ማስገደድ ነበረበት፣ እስከዛ ድረስ ደግሞ ቀኑ ይነጉድ ነበር።

አዲሱ ሕግ ይሄንን ነው የቀየረው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለፌደራል የሞላኸውን ፎርም በዛው ሰዓት ለስቴቱም አስገባ ነው የሚለው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዋሽንግተን የሆነ ኩባንያ ፎርሙን ከነአባሪ ሰነዶቹ ያስገባል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቦታ ቢሆንም ግን ሽያጩ የሚመለከታቸው እቃዎች ወይም አገልግሎቶች እዚህ ስቴት ውስጥ በዓመት የፌደራሉን መነሻ (ፎርም ማስገባት ግድ የሚሆንበትን የሽያጭ መጠን) 20 ፐርሰንት የሚያህል ገቢ ካስገቡለት እሱም ያስገባል፣ በ2025 መነሻው 126.4 ሚሊዮን ዶላር ስለነበር 20 ፐርሰንቱ ወደ 25 ሚሊዮን ይመጣል፣ ቁጥሩ በየዓመቱ ይስተካከላል። ይሄኛው ፎርሙን ብቻ ይሰጣል፣ አተርኒ ጀነራሉ አባሪዎቹን ከጠየቀ በ7 ቀን ማምጣት አለበት። ክፍያ የለም። አላስገባም ያለ በቀን እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

እንግዲህ ፈቃድ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የትም የለም፣ የስቴቱ ሕግ የራሱ የመጠበቂያ ቀን እንኳን የለውም። አገር ቤት የለመድነው ሌላ ስለሆነ ይመስለኛል ሰው የሚሳሳተው፣ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 (ይሄኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሚዋሃዱ ድርጅቶች ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሳውቀው ውሳኔ ነው የሚጠብቁት። እዚህ ስቴቱ አልፈልግም ካለ ፍርድ ቤት ሄዶ ዳኛ ማሳመን አለበት። ያንን መብት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 በካሊፎርኒያ ጉዳይ ላይ አጽንቶታል፣ እሱም የገረመኝ ነገር የሱፐርማርኬት ሽያጭ ነበር።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ ልምጣ፣ እኛን ምን አገባን ላለችው። ክሮገርና አልበርትሰንስን ማን ረሳ? ኦክቶበር 2022 ላይ ክሮገር አልበርትሰንስን በ24.6 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ነው ተባለ። ፍሬድ ሜየርና ኪውኤፍሲ የክሮገር ናቸው፣ ሴፍዌይ የአልበርትሰንስ ነው፣ እዚህ ከተማ የምንኖር ሰዎች ወተትና ሽንኩርት የምንገዛው ከነዚህ ነው፣ ስንትና ስንት ሐበሻስ አለ ካሸር ሆኖ፣ ሌሊት እቃ ደርድሮ፣ ልጆቹን ያሳደገ። እንደ ስቴቱ ክስ ሁለቱ ኩባንያዎች አንድ ላይ በዋሽንግተን ካለው የሱፐርማርኬት ሽያጭ ከግማሽ በላዩን ይይዛሉ። የአንዱ ዋና መሥሪያ ቤት ሲንሲናቲ ነው፣ የሌላው ቦይዚ፣ አንዳቸውም እዚህ አይደሉም። ለዚህ ነው ሕጉ ዋና መሥሪያ ቤትን ብቻ ሳይሆን ሽያጭንም መቁጠሩ ትልቅ ነገር ነው የምለው፣ እነ አማዞንን ብቻ ቢል ኖሮ ይሄ ጉዳይ በመሀል አሾልኮ ይሄድ ነበር።

ያኔ አተርኒ ጀነራል የነበሩት እኚሁ ፈርግሰን ናቸው፣ ጃንዋሪ 2024 ላይ ፌደራሉን ሳይጠብቁ በስቴት ፍርድ ቤት ከሰሱ፣ የፌደራሉ ክስ የመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። ኩባንያዎቹ "579 ሱቅ ለሌላ ድርጅት እንሸጣለን፣ ውድድሩ አይጎዳም" አሉ፣ ከነዚህ 124ቱ እዚህ ዋሽንግተን ነበሩ፣ ገዢ ተብሎ የቀረበው ሲኤንድኤስ ደግሞ በጅምላ ንግድ ትልቅ ይሁን እንጂ በችርቻሮ የሚያስተዳድረው 23 ሱፐርማርኬት ብቻ ነበር። እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ይሄንን ፊልም አይተነዋል እኮ። በ2015 አልበርትሰንስ ሴፍዌይን ሲገዛ ቤሊንግሃም ያለው ሃገን የሚባል 18 ሱቅ የነበረው ኩባንያ በዚሁ "ለሌላ እንሸጣለን" በሚለው መንገድ 146 ተጨማሪ ሱቅ ተሸከመ፣ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኪሳራ አወጀ፣ አልበርትሰንስም የሸጣቸውን ብዙዎቹን ሱቆች መልሶ ወሰደ። ያንን ያየ ሰው ሁለተኛ "ለሌላ እንሸጣለን" ሲባል እንዴት ይመን? ዲሴምበር 10 ቀን 2024 ፖርትላንድ ያለው የፌደራል ፍርድ ቤትና እዚህ የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን አገዱት፣ በማግስቱ አልበርትሰንስ ውሉን አፈረሰ።

በዛ ቀን አልቅሻለሁ ብላችሁ እመኑኝ። የሱፐርማርኬት ሠራተኛ አይደለሁም፣ ግን እናቴ አለችኝ።

እናቴ መኪና አትነዳም፣ እንግሊዝኛም አትችልም። ከቤታችን ሁለት ብሎክ ላይ ስሙን የማልጠራው አንድ መለስተኛ የምግብ መደብር ነበር፣ ግሮሰሪ እንዳልለው አገር ቤት ላለ አንባቢ መጠጥ ቤት ይመስለዋል። እዛ ጎማ ያላትን ዘንቢሏን እየጎተተች ትሄዳለች፣ አማርኛ የምትናገር ካሸር ነበረች፣ "እማማ ዛሬ ቲማቲሙ ጥሩ አይደለም፣ ነገ ይምጡ" ትላታለች፣ ኩፖኑን እሷው ትቆርጥላታለች። አንድ ቀን እናቴ ባዶ ዘንቢል ይዛ ተመለሰች። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ማንበብ ስላልቻለች ቆማ ሰው ስትጠብቅ ቆይታ አንድ አላፊ አግዳሚ በምልክት ተዘግቷል አላት። ሄጄ ሳነበው መደብሩ ለሌላ ድርጅት ተሸጧል፣ ተዘግቷል፣ ስለ ደንበኝነታችሁ እናመሰግናለን ይላል። ገዢው ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ሱቅ ስለነበረው ሁለት ማስተዳደር አልፈለገም ተባለ። አሁን እናቴ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው የምትሄደው፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ አትሄድም፣ እኔ ከሥራ እስክመጣ ትጠብቃለች። ካሸሯ የት እንደገባች አላውቅም።

አዲሱ ሕግ ያኔ ቢኖር ለእናቴ ምን ይሠራላት ነበር? ምንም። ሽያጩ ትንሽ ስለሆነ ፌደራል ጋ ፎርም አልገባበትም፣ ፌደራል ጋ ካልገባ ደግሞ ስቴቱም ጋ አይገባም። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ሕጉን እደግፋለሁ፣ በሙሉ ልቤ፣ ግን መቶ ሚሊዮን ምናምን ዶላር ያልደረሰውን ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል፣ አንድን ሰፈር ያለ ሱቅ ለማስቀረት ደግሞ ያን ያህል ብር አያስፈልግም።

የማይቻል ነገር እየጠየቅኩ አይደለም። ይሄው ስቴት ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ሆስፒታሎችና የሐኪም ቡድኖች ሲዋሃዱ ከ60 ቀን በፊት ለአተርኒ ጀነራሉ አሳውቁ ይላል፣ እሱ ሕግ የፌደራሉን ትልቅ ቁጥር አይጠብቅም፣ 7 ባለሙያ ያለው ቡድን እንኳን ይገባበታል። ለሐኪም ከተቻለ ለእንጀራስ? የምግብ መደብር ሲሸጥና ሲዘጋ 60 ቀን በፊት ለስቴቱ ይነገር፣ ስቴቱ ደግሞ ለሰፈሩ ሰው ይንገር፣ በሚገባው ቋንቋ። የትልልቆቹ ፋይል በሕጉ ምስጢር ሆኖ መያዙን አልቃወምም፣ የንግድ ምስጢር አለው፣ ገባኝ። ዜናው በይፋ ከወጣ በኋላ ግን ሠራተኛውንና ሸማቹን ሰብስቦ መስማት ምን ምስጢር አለው? በክሮገር ጊዜ የሠራተኛ ማህበሩ ዩኤፍሲደብልዩ 3000 ገና ከጅምሩ ስለተቃወመ ነው የካሸሩም ድምፅ የተሰማው፣ ማህበር የሌለበት ሱቅ ውስጥ ያለውንስ ማን ይሰማዋል?

ደግሞ እኛም። አተርኒ ጀነራሉ ፎርም ደረሰው ማለት ሬኒየር አቬኑ ላይ ያለው ሱቅ ለማን ምን እንደሆነ አወቀ ማለት አይደለም፣ ፎርሙ ላይ የሽያጭ ቁጥር እንጂ ማን በእግሩ እንደሚሄድ፣ ሁለቱ ሱቆች እርስ በርስ እየተፎካከሩ የዶሮ ዋጋ እንዴት እንደሚያወርዱ፣ ማን የፈረቃ ሰዓቱን ለማስተካከል ወደ ሌላኛው ሱቅ እሄዳለሁ ብሎ አለቃውን እንደሚያሳምን አይጻፍም። ያንን የምናውቀው እኛ ነን። የአተርኒ ጀነራሉ መሥሪያ ቤት ከማንኛውም ነዋሪ ቅሬታ ይቀበላል፣ ጠበቃ አያስፈልግም።

ስለዚህ አዘጋጆች ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ለአተርኒ ጀነራል ቅሬታ እንዴት እንደሚጻፍ ደረጃ በደረጃ በአማርኛ አውጡልን፣ ወላጆቻችን ሊያነቡት በሚችሉት ፊደል መጠን። ሁለተኛ፣ የሕግ አውጪዎቹ ስብሰባ ኦሎምፒያ ላይ በየዓመቱ ጃንዋሪ ይከፈታል፣ ከዛ በፊት የምግብ መደብሮችን ነገር ለየወረዳችን ተወካዮች የምናቀርብበት አንድ ደብዳቤ አዘጋጅተን ፊርማ ማሰባሰብ እንፈልጋለን፣ ማስታወቂያውን ብታወጡልን። እናቴ የመጀመሪያዋን ፊርማ ልፈርም ብላለች።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ደቡብ ሲያትል