ሲያትል ሆኪን ያወቀችው በክራከን አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በ2021 የሰሜን አሜሪካን ትልቁን የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤልን ስለተቀላቀለው ቡድን፣ ስለ ሲያትል ክራከን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። እዚህ ከተማ ያለን ብዙዎቻችን ለልጆቻችን ስንል ብቻ ነው የበረዶ ሆኪ የምናየው፤ ሕጉን በአማርኛ ማስረዳታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከተማዋ እስከ 2021 ድረስ ሆኪ የማታውቅ አስመስላችሁ የጻፋችሁትን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። (ዓመቱን ሁሉ እንደ እናንተው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

የሲያትሉ ሜትሮፖሊታንስ በ1917 የሆኪን ትልቁን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን በመውሰድ ከአሜሪካ ቡድኖች የመጀመሪያው መሆኑ ብዙ ስለተባለለት ልለፈው። የተረሳው ሌላው የከተማችን ቡድን ቶተምስ ነው። ከ1958 እስከ 1975 በዚህ ስም ተጫውቷል፤ ከኤንኤችኤል በታች በነበረው ዌስተርን ሆኪ ሊግም በ1959፣ በ1967 እና በ1968 ዋንጫ አንስቷል። ዛሬ በሲያትል አቅራቢያ ኬንት ከተማ ያለው ተንደርበርድስ የሚጫወትበት የወጣቶች ሊግ በስም ቢመሳሰልም ሌላ ነው።

«ታችኛው ሊግ» ሲባል መናቅ አይገባም። ኤንኤችኤል እስከ 1967 ድረስ ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው። እዚያ ቦታ ያጡ ብዙ ጎበዞች በሲያትል፣ በፖርትላንድ፣ በቫንኩቨር ይጫወቱ ነበር። የቶተምሱን የመሐል አጥቂ ጋይል ፊልደርን ውሰዱ። በኤንኤችኤል መደበኛ ውድድር የተሰለፈው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጎል አላገባም፣ ለጎል አመቻችቶም አላቀበለም። የኤንኤችኤሉ ዲትሮይት በ1957 ከነኮከቡ ጎርዲ ሃው ጋር ቢያሰልፈውም አልሆነለትም፤ ወደ ሲያትል መልሱኝ ያለው ራሱ ነው። በታችኛው ሊግ ያገባቸውና ለጎል ያመቻቸው ሲደመሩ ግን ከ1,900 ያልፋሉ። አልተሳካለትም የሚሉት አሉ። ለእኔ የሚመቸውን ቦታ ያወቀ ሰው ነው።

ጥሩ ዘመኑ ካለፈ በኋላ እንኳ ቶተምስ በጥር 1974 የሶቪየት ኅብረትን ብሔራዊ ቡድን 8 ለ 4 ረትቷል። በ1972 የገና ዕለት በእነሱው ተሸንፎ ስለነበር ብድሩን መለሰ ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ፈረሰ? ደጋፊ አጥቶ ነው የሚባለው አያሳምነኝም። በ1967 ኤንኤችኤል ስድስት ቡድኖች ሲጨምር ሎስ አንጀለስንና ኦክላንድን ወሰደ፤ በ1970 ቫንኩቨርን ደገመ። ታችኛው ሊግ ትልልቅ ከተሞቹን ተነጠቀ። በ1972 ደግሞ ተቀናቃኝ የሆነው ደብሊውኤችኤ የተባለ ሊግ ውድድር ጀምሮ የተጫዋቾችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። ዌስተርን ሊግ በ1974 ተበተነ።

በዚያው ዓመት ኤንኤችኤል ለሲያትል ቡድን እሰጣለሁ አለ፤ ጨዋታው በ1976 እንዲጀመር፣ ቡድኑ ለሊጉ የሚከፍለው መግቢያም 6 ሚሊዮን ዶላር እንዲሆን። የቶተምስ ባለቤት ቪንስ አቢ ገንዘቡን ማሟላት አልቻለም፣ ሊጉም ቃሉን አነሳ። ቶተምስ አንድ የውድድር ዘመን ሴንትራል በተባለ ሌላ ታችኛ ሊግ ተንገዳግዶ በ1975 ጠፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው። አቢ ውድድርን አፍናችኋል ብሎ ኤንኤችኤልንና ቫንኩቨር ካናክስን ከሰሰ፤ ክርክሩ ተጓቶ በ1986 በይግባኝ ተሸነፈ። ከተማዋ ለኤንኤችኤል ቡድን እስከ 2021 መጠበቋ እንግዲህ ከዚህ የተነሳ እንጂ በረዶና ዱላ ስለማታውቅ አይደለም።

ሌላም አለ። ክራከን የሚጫወትበት ክላይሜት ፕሌጅ አሬና ውስጡ ፈርሶ ቢሠራም ጣሪያው ለ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራው ነው፤ ቶተምስም ከ1964 ጀምሮ በዚያው ጣሪያ ሥር ተጫውቷል። «አዲስ ስታዲየም» ያላችሁትም ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም።

በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ቦታ ከጠበባችሁ ሦስቱን የዋንጫ ዓመታት ብቻ ብትጠቅሱ ይበቃኛል።

አክባሪያችሁ
ከሲያትል አንባቢያችሁ