ለልጆቹ የተዋጣው ገንዘብ ይለቀቅ፤ የላካችሁት መልእክትም ይታረም

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በገንዘብ ማሰባሰቢያ መተግበሪያችሁ ለሩጫ ቡድናችን የተሰበሰበውን ገንዘብ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝ። ጠዋት ከትምህርት በፊት ደግሞ የሴቶች የሩጫ ቡድናችንን አሠለጥናለሁ። 14 ልጆች ናቸው። ስፓይክ (ሶሉ ላይ ሹል ጥርስ ያለው የሩጫ ጫማ) ያላቸው አራቱ ብቻ ናቸው። አንዷ 800 ሜትር ሮጣ ስትጨርስ ጫማውን እዚያው አውልቃ 1,500 ለምትሮጠው ትሰጣለች። ጫማው ለሚሰፋት ጫፉ ላይ ጨርቅ እንጠቀጥቅላታለን።

እስከ አምና ገንዘብ የምናሰባስበው በመዝገብ ነበር። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ይሰበሰባል፣ ስም ይጻፋል፣ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ይቆረጣል። ዘንድሮ ወደ እናንተ የመጣነው ውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻችን «ሊንክ ላኩልንና እናዋጣ» ስላሉን ነው። እዚህም ቢሆን ወላጁ በቴሌብር መክፈል ለምዷል። ገጹን ስንከፍት የትምህርት ቤቱን የባንክ ሒሳብ አስገባን። በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ነው። «ተረጋግጧል» የሚል አረንጓዴ ምልክትም ሰጣችሁን። በአምስት ሳምንት 146,300 ብር ተዋጣ። ለስፓይኩ፣ ለቱታውና ለውድድሩ አዲስ አበባ ለሚወስደን መኪና ኪራይ ይበቃን ነበር።

መጋቢት 21 ገንዘቡ ወደ ሒሳባችን ይግባልን አልን። መጀመሪያ የንግድ ፈቃድ አምጡ ተባልን። የመንግሥት ትምህርት ቤት የንግድ ፈቃድ ከየት ያመጣል? ይህንኑ በደብዳቤ ጽፈን፣ ማኅተም አድርገን ላክን። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደግሞ ሒሳቡ በአንድ ሰው ስም ይሁን፣ የሰውየው ፋይዳ መታወቂያም ይያያዝ አላችሁ። ይህን አናደርገውም። ጣምራ ፊርማ ያስፈለገው የልጆች ገንዘብ በአንድ መምህር እጅ እንዳይወድቅ ነው። እናንተ የጠየቃችሁን ይህን ጥንቃቄ እንድናፈርሰው ነው።

ማጣራታችሁን አልቃወምም። በልጆች ስም ገንዘብ ሰብስቦ የሚጠፋ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ማጣራት የነበረባችሁ ግን የሰው ብር መቀበል ከመጀመራችሁ በፊት ነው። ስትቀበሉ ያልጠየቃችሁትን ወረቀት ስትከፍሉ ጠየቃችሁ። እነሆ ዛሬ 51ኛ ቀኑ ነው።

ይህንንም ቢሆን ችዬ እጠብቅ ነበር። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ላዋጡት ሰዎች ሁሉ የላካችሁት የስልክ መልእክት ነው። «ያዋጡበት የገንዘብ ማሰባሰቢያ አጠራጣሪ ሆኖ በመገኘቱ ታግዷል» ይላል። ለእኛ ማንም ምንም አልነገረንም። የሰማሁት ከሜሪላንድ የደወለችልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ስታነብልኝ ነው። ጓደኞቿን ለምና ያስዋጣችው እሷ ነች። «ቲቸር፣ አሁን ምን ልበላቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የአንዷ ሯጭ እናት ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች። 50 ብር አዋጥታ ነበር። መልእክቱን ልጇ ናት ያነበበችላት። በማግስቱ ነጠላዋን እንዳጣፋች ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። «የእኔ እናት፣ ብሩስ ይቅር፤ አንቺን ምን አገኘሽ?» አለችኝ። እሷ አምናኛለች። ሌሎቹ ግን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው አጥሯል። እዚህ ከተማ ሰው ይተዋወቃል። የልጆች ብር በላች የሚል ወሬ ከአንድ ሰው ከወጣ ማስተባበያው አይደርስበትም። 12 ዓመት አስተምሬ ያገኘሁትን ስም እናንተ በአንድ መስመር አጠፋችሁት።

በነገራችን ላይ፣ የዚህች እናት ስልክ የሚያሳየው 55 ብር መቀነሱን ነው። አምስቱ ብር «ለመተግበሪያው ድጋፍ» ነው። የመምረጫ ምልክቱን አስቀድማችሁ ራሳችሁ አድርጋችሁበታል። ካልፈለጉ ማንሳት እንደሚቻል ያወቀ አንድ ወላጅ አላገኘሁም። ለልጇ ሰጠች እንጂ ለእናንተ የሰጠችው የለም።

ለደንበኞች አገልግሎታችሁ ስድስት ጊዜ ደውያለሁ። አንዱ ሠራተኛችሁ፣ ውድድሩ ደርሷል፣ ልጆቹ ጫማ የላቸውም ስለው፣ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» ብሎ መለሰልኝ። አበበ የተወለደው ከእኛ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ጃቶ ነው። ታሪኩን ልጆቼ በቃላቸው ያውቁታል። በ1952 ሮም ላይ ጫማውን የተወው ስላልተመቸው ነው። በ1957 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፣ ዳግም ወርቅ አገኘ፣ የዓለምን ፈጣን ሰዓትም አሻሻለ። የእሱን ስም ጠርቶ ልጆችን ጫማ መከልከል ነውር ነው።

ውድድሩ አለፈ። የደረሰኝን እቁብ ለመኪና ኪራይ ከፍዬ ወሰድኳቸው። በአራቱ ስፓይክ እየተፈራረቁ ሮጡ። የ1,500 ሯጫችን ጫማው ስላልደረሰላት በሸራ ጫማ ገባች። መዞሪያው ላይ አዳለጣት። ተነሥታ ጨረሰች፤ ስምንተኛ ወጣች።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ገንዘቡ በሙሉ መጀመሪያ ባረጋገጣችሁት የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይግባ። «ለድጋፍ» ብላችሁ የወሰዳችሁትን ለየሰዉ መልሱ። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መልእክቱ ነው። ያንን ለተቀበሉ ሰዎች ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱም ሆነ አሠልጣኟ ምንም ጥፋት እንዳልተገኘባቸው፣ መዘግየቱ ከእናንተ እንደመጣ የሚገልጽ ሌላ መልእክት ላኩ። በስልክ ይቅርታ ብትሉኝ አይበቃኝም። ስሜ የጠፋው በጽሑፍ ስለሆነ የሚታረመውም በጽሑፍ ነው። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልፈጸማችሁ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እናቀርባለን።

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ አለን። ልጆቹ በየቀኑ ጫማው መጣ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።

ከሰላምታ ጋር
የሩጫ ቡድኑ አሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለወላጅ መምህር ኅብረት